የሮማ ወታደር ጥሩር ለስራ ይመች ነበር? ምን ያህልስ ይበረክት ነበር?

ታሪክ ወዳዱ (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ሮማ ጦር ሲነሳ ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው ያ በፊልም የምናውቀው ባለ ላሜራ ጥሩር ነው። ወገብን ዙሪያውን የያዘ፣ ትከሻ ላይ የተደራረበ፣ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ። እስቲ ዛሬ ውበቱን ትተን አገልግሎቱን እንመርምር።

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የሌጌዎን (የሮማ ዋናው እግረኛ ክፍለ ጦር) ወታደር 25 ዓመት ያህል ያገለግል ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይዘምታል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ወንዝ ይሻገራል። ታዲያ ጥሩሩ ይህን ሁሉ ይችለዋል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ወጪውስ ከማን ኪስ ይወጣል?

ዋናዎቹ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የቀለበት ጥሩር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የብረት ቀለበቶች ተያይዘው እንደ ሸሚዝ ይለበሳሉ። ሮማውያን ይህን ከኬልቶች የወሰዱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ሁለተኛው የቅርፊት ጥሩር ነው፣ ትንንሽ የነሐስ ወይም የብረት ቅርፊቶች ጨርቅ ወይም ቆዳ ላይ ተሰፍተው። ሦስተኛው የላሜራው ነው። እሱ በንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ዘመን ብቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ3ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ እየጠፋ ሄደ።

የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። አሸናፊው የቀለበቱ ነው። የላሜራው ከመምጣቱ በፊት ነበረ፣ እሱ በነገሠበት ጊዜም ጎን ለጎን ነበረ፣ እሱ ከጠፋ በኋላም ቀጠለ። ወታደር የማይረባ ዕቃ ለዚያን ያህል ዘመን አይሸከምም። የምትቃወሙ ካላችሁ በማስረጃ እንወያይ።

ወናፍ

ጥሩ ርዕስ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በብረታ ብረት ስራ ስለሆነ ነገሩን ከዚያ በኩል ነው የማየው።

ላሜራ ራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። የሮማውያኑን ጥሩር ፎቶ በደንብ አጉልታችሁ ተመልከቱት። ማጠፊያ አለው፣ ዘለበት አለው፣ መንጠቆ አለው፣ በውስጥ በኩል ላሜራዎቹን ከላይ እስከ ታች የሚይዙ የቆዳ ጠፍሮች አሉት። ይህ ሁሉ በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተመትቶ በሚጠፈጠፍ ትንሽ የብረት ሚስማር፣ ነው የተያዘው። ማጠፊያና ዘለበቶቹ ደግሞ ከስስ ነሐስ የተሰሩ ናቸው። ወታደሩ በተጎነበሰና በተነሳ ቁጥር ጫናው እዚያች ስስ ማጠፊያ ላይ ያርፋል። መሰበሯ አይቀርም።

ሌላም አለ። ብረትና ነሐስ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው ብረቱ ቶሎ ይበላል። ይህን ማንኛውም የቧንቧ ሰራተኛ ያውቀዋል። ላብ ደግሞ ከዝናብ ይብሳል፣ ጨው አለበት። ስለዚህ ዝገቱ የሚጀምረው ልክ ሪቬቱ ስር፣ ጨርቅ በማይደርስበት ቦታ ነው። ቆዳውም በላብ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

የቀለበቱን ግን ተመልከቱ። ሮማውያን አንዱን ረድፍ ድፍን ቀለበት፣ ቀጣዩን ረድፍ ጫፍና ጫፉ በሪቬት የተዘጋ ቀለበት እያደረጉ ይሰሩት ነበር። እያንዳንዱ ቀለበት አራት ጎረቤቶቹን ይይዛል። አንዱ ቢበጠስ ሦስት አራት ቀለበት መተካት ነው። ሽቦ ቆርጠህ ትጠቀልላለህ፣ ጫፉን ታሳሳለህ፣ ትበሳለህ፣ ሪቬት ትመታለህ። ፒንሳ፣ ትንሽ መዶሻና መብሻ ካለህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠህ ትጨርሰዋለህ።

ደግሞ ስትራመድ ቀለበቶቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። በየቀኑ የሚለበስ ከሆነ ዝገት አይቆምበትም። ዝገት የሚያጠቃው ተሰቅሎ የተረሳውን ነው።

ሰላም_ኒውካስል

ጋሽ ወናፍ፣ ስለ መገጣጠሚያው ያሉት በትክክል ይታያል። እዚህ ሰሜን እንግሊዝ ከምኖርበት ከኒውካስል ከተማ በስተ ምዕራብ ኮርብሪጅ የሚባል ቦታ አለ፣ ሮማውያን ከሰሩት ከሃድርያን ግንብ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያ መሬት ውስጥ የተቀበረ የእንጨት ሳጥን ተገኘ። በውስጡ የላሜራ ጥሩር ክፍሎች፣ የጦር ጫፎች፣ የስራ መሳሪያዎች፣ ሌላም ሌላም ነበረበት። የተቀበረው በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያዎች ጥሩሩ እንዴት እንደተገጣጠመ በትክክል አያውቁም ነበር። ላሜራዎቹ አንድ የቆዳ ካፖርት ላይ የተመቱ ይመስላቸው ነበር። ትክክለኛው አሠራር የታወቀው ከዚያ ሳጥን ነው። ማጠፊያቸው ተሰብሮ በቦታው ተራ ሪቬት የተመታባቸው ክፍሎችም አሉ። ማለትም የጠገነው ሰው ለማጠፊያው ግድ አልነበረውም፣ ብቻ እንዲይዝ ነው የፈለገው።

ግን እዚህ ላይ በርትቼ የምከራከረው ነገር አለኝ። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ሰው ላይ ያለ ዕቃ አይደለም። ለጥገና ወይም ለመለዋወጫ ተብሎ የተለየ ሊሆን ይችላል። የጋራዥ ጓሮ ያለውን መኪና አይተን መኪና ሁሉ ይበላሻል አንልም። ስለዚህ የላሜራውን ብርታት በኮርብሪጅ ብቻ መፍረድ ፍትሕ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ዋጋውን እናንሳ። የቀለበት ጥሩር ለመጠገን ቀላል ነው፣ ለመስራት ግን መከራ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ቪሞሴ ከሚባል ረግረግ ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል የቀለበት ጥሩር ወጥቷል። ቀለበቶቹ ከ20,000 በላይ ናቸው። አስቡት፣ ግማሹ አንድ በአንድ በሪቬት የተዘጋ ነው! የግሪኩ ጸሐፊ ፖሊቢዮስም በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጽፍ ሀብታቸው ከ10,000 ድራክማ በላይ የሆነ ወታደሮች የቀለበት ጥሩር ይለብሱ እንደነበር፣ ሌሎቹ ግን ደረታቸው ላይ ስንዝር የምታህል የነሐስ ሰሌዳ ብቻ ያደርጉ እንደነበር ነግሮናል። አውግስጦስ ቋሚ ጦር ሲያቋቁም ብዙ ሺህ ሰው በአጭር ጊዜ ማልበስ ነበረበት። ላሜራ ቶሎ ይሰራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክብደቱም ይለያል። የላሜራው ከ7 እስከ 9 ኪሎ አካባቢ ነው። የቀለበቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎ ያልፋል።

የኋላ ዘብ

እኔ ጦር ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ክብደት ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም።

ኪሎው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጥያቄው ክብደቱ የት ላይ ያርፋል ነው። የቀለበት ጥሩር ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። መፍትሔው ወገብን በቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። ያኔ ግማሹ ክብደት ወደ ዳሌ ይወርዳል። የሮማ ወታደር ቀበቶ ለጌጥ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ቬጌቲዮስ የሚባለው የ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጸሐፊ ምልምሎች እስከ 60 የሮማ ፓውንድ ተሸክመው መራመድን እንዲለማመዱ ይላል። በኛ ኪሎ 20 ይጠጋል። ይህን ይዞ በበጋ 20 የሮማ ማይል በአምስት ሰዓት መጓዝ ይጠበቅ ነበር። ማርከስ ዩንከልማን የሚባል ጀርመናዊ የታሪክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ጓደኞቹን ይዞ የሮማ ወታደር ትጥቅ እንደለበሰ ከቬሮና ተነስቶ አልፕስን በእግሩ አቋርጦ አውግስቡርግ ገብቷል። ስለዚህ ይቻላል። ሰው ይለምደዋል።

ወታደር በጦርነት የሚያሳልፈው ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛው ጊዜው ጉዞና ቁፋሮ ነው። የሮማ ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ስለ ጄኔራል ኮርቡሎ ሲጽፍ አንድ ወታደር ሰይፉን ሳይታጠቅ ምሽግ ሲቆፍር ስለተገኘ፣ ሌላው ደግሞ ጩቤ ብቻ ታጥቆ ስለተገኘ በሞት ተቀጡ የሚል ወሬ ያነሳል። የተጋነነ ሊሆን እንደሚችል ራሱ ታሲተስ ይናገራል። ግን ዲሲፕሊኑን ያሳያል። ታጥቀህ ትቆፍራለህ። እንግዲህ ታጥቆ መጎንበስ ካለ የቱ ይሻላል? ቀለበቱ እንደ ልብስ ይከተልሃል። ላሜራውም ቢሆን ክፍሎቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለሚገቡ መጎንበስ አይከለክልም። ግን ሆድህ ላይ ያለችውን መንጠቆ ነው የምትጨርሳት።

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ፣ ከስር ምን ይለብሱ ነበር? ደግሞ በበረሃ ፀሐይ ብረት ለብሶ እንዴት ይቻላል?

ታሪክ ወዳዱ

ከስር ወፍራም ልብስ ነበር። ያለ እሱ የቀለበት ጥሩር ግማሽ ስራ ነው የሚሰራው። ቀለበቱ ስለቱን ያቆመዋል፣ የዱላውን ኃይል ግን አያቆምም። አጥንት የሚያድነው ከስር ያለው ውፍረት ነው። ስለ ሙቀቱ ማስረሻ ይንገረን፣ እሱ የሚኖረው እስራኤል ውስጥ ነው።

ማስረሻ_ሃይፋ

አለሁ። ሙቀቱማ ከባድ ነው። ግን አስታውሱ፣ 10ኛው ሌጌዎን እ.ኤ.አ. በ73 ወይም በ74 የአይሁድ ዓማፅያን የያዙትን የማሳዳን ምሽግ ሲከብ የነበረው ሙት ባሕር ዳር ነው። ከዚያ የባሰ ሙቀት የት ይገኛል? እየሞቃቸውም ሰሩት። ማሳዳ ላይ በቁፋሮ የቅርፊት ጥሩር ቅርፊቶች ተገኝተዋል። የወታደር ደመወዝ ሒሳብ የተጻፈበት ፓፒረስም አለ። ከደመወዙ ለገብስ፣ ለምግብ፣ ለጫማ፣ ለቆዳ ማሰሪያ፣ ለበፍታ ቀሚስ ይቆረጥበታል። በጥያቄው መጀመሪያ ላይ ወጪው ከማን ኪስ ይወጣል ላልከው መልሱ ይኸው፣ ከራሱ።

ስለ ጥሩሩ ብርታት ደግሞ ከአይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ከፍላቪዮስ ዮሴፎስ የምንማረው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ70 ኢየሩሳሌም ስትከበብ ዩልያኖስ የሚባል በትንሿ እስያ ካለችው ቢታንያ የመጣ የሮማ መቶ አለቃ ብቻውን ገብቶ ብዙ ሰው አባረረ። ጫማው ግን እንደ ማንኛውም ወታደር ጫማ ከስሩ የብረት ሚስማር የተመታበት ነበር። በቤተ መቅደሱ የድንጋይ ንጣፍ ላይ እየሮጠ አንሸራቶት በጀርባው ወደቀ። ከበው ወጉት። ራስ ቁሩና ጥሩሩ አካሉን ስለሸፈኑለት ቶሎ አልሞተም። እጅና እግሩ ከተቆራረጠ በኋላ ነው የሞተው።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ይነግረናል። ጥሩሩ ስራውን ሰርቷል። የሸፈነውን ቦታ ጠብቋል። ጫማው ግን ለጭቃና ለሳር የተሰራ ስለነበር ለስላሳ ድንጋይ ላይ ባለቤቱን ገደለው። ትጥቅ ምቹ ነው አይደለም ሲባል የት መሬት ላይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀስተኛው

ሁላችሁም ስለ ሰይፍና ስለ ዝገት ታወራላችሁ። ቀስትስ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ዓመት የሮማው ጄኔራል ክራሰስ በካራን ሜዳ ላይ ከጳርቴ ፈረሰኞች ጋር የገጠመው ጦር የቀለበት ጥሩር የለበሰ ነበር። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው ፍላጻው ጠንካራውንም ለስላሳውንም ሽፋን ሁሉ ይበሳ ነበር። እጅን ከጋሻ ጋር፣ እግርን ከመሬት ጋር ይሰፋ ነበር ይላል። ቀለበት ሹል ነገርን አይወድም። ላሜራ ግን ፍላጻው ሲመጣ ያንሸራትተዋል። በዚህ በኩል የላሜራው ደጋፊ ነኝ።

ሰላም_ኒውካስል

ትክክል። ትከሻውንም አትርሱ። የላሜራው ትልቁ ብልጫ እሱ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ምት ተደራራቢ ላሜራ ላይ ያርፋል። ረጅም ሰይፍ ከሚሰነዝር ጠላት ጋር ስትገጥም ይህ ሕይወት ነው።

ታሪክ ወዳዱ

ቀስተኛው፣ የካራን ምሳሌ ግን ለጥሩር ብቻ የሚሆን አይደለም። እጅ ከጋሻ ጋር ከተሰፋ ጋሻውም ተበስቷል ማለት ነው። እዚያ የተሸነፈው ጥሩሩ ሳይሆን ጠላቱን ሊደርስበት ያልቻለው እግረኛ ነው። ጠላት ፍላጻ የጫኑ ግመሎችን አስከትሎ ቀኑን ሙሉ ሲወረውር ምን ዓይነት ልብስ ያድናል?

ደግሞ የላሜራው ጉድለት ከታች ነው። ወገብ ላይ ያልቃል። ብሽሽትና ጭን ባዶ ነው። የቀለበቱ እስከ ጭን ይወርዳል። ብብትም ቢሆን በቀለበቱ የተሻለ ይሸፈናል።

ወናፍ

ጋሻውን ካነሳችሁት አይቀር፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው። ስስ ስስ እንጨት አንዱን በቁመት፣ አንዱን በአግድም እየደረቡ በሙጫ ያጣብቁታል። እኛ ኮምፔንሳቶ የምንለው ማለት ነው፣ ያውም ጎበጥ ተደርጎ። እ.ኤ.አ. በ1900 በግብፅ ፋዩም የተገኘው ቁመቱ 128 ሳንቲ ሜትር ነው። በሶርያ ዱራ ዩሮፖስ የተገኘው፣ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን የሆነውና አሁን አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ቀለሙ ሳይቀር ተርፏል።

ጠላቱ ውሃ ነው። ሙጫው ከራሰ ይላቀቃል። ለዚህ ነው በጉዞ ላይ የቆዳ መሸፈኛ የሚያለብሱት። ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ57 ዓመት በሳቢስ ወንዝ ዳር ድንገት ሲጠቃ፣ ወታደሮቹ ራስ ቁር ለማድረግና ከጋሻቸው ላይ መሸፈኛውን ለመግፈፍ እንኳ ጊዜ እንዳጡ ጽፏል። መሸፈኛ የሚሰራለት ዕቃ ባለቤቱ እንዲበረክትለት የሚፈልገው ዕቃ ነው።

የኋላ ዘብ

ጋሽ ወናፍ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሻው ግን አላቂ ዕቃ ነው። አንድ ከባድ ውጊያ ይበቃዋል። ራስ ቁር ነው ዘመን የሚሻገረው።

ሰላም_ኒውካስል

ለዚህስ ማስረጃ አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ለንደን የተገኘ የነሐስ ራስ ቁር አለ። አንገት መከለያው ላይ የአራት ወታደሮች ስም በነጥብ በነጥብ ተመትቶበታል። አንዱ ሲወጣ ለሌላው አስረክቦታል ወይም ሸጦለታል። ዕድሜውን ገምቱት። ነሐስ እንደ ብረት አይዝግም፣ ቢጎብጥ በመዶሻ ይመለሳል።

የወታደሩን ኪስ ካሰባችሁት ደግሞ አሮጌ ዕቃ መግዛቱ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ14 በዳኑብ ወንዝ ዳር በፓኖንያ ግዛት ያሉ ሌጌዎኖች ሲያምፁ አንዱ ቅሬታቸው በታሲተስ አፍ ይህ ነው፦ ነፍስና ሥጋችን በቀን 10 አስ ተተምኗል፣ ልብሱንም መሳሪያውንም ድንኳኑንም የምንገዛው ከዚያው ነው። አስ የነሐስ ሳንቲም ነው። እንዲህ የሚኖር ሰው የአባቱን የቀለበት ጥሩር አይጥልም። ይህን ለታሪክ ወዳዱ እሰጠዋለሁ፣ የቀለበቱ ዕድሜ ከወታደሩ ዕድሜ ይረዝማል።

ማስረሻ_ሃይፋ

ራስ ቁር ካነሳችሁ፣ እየሩሳሌም እስራኤል ሙዚየም ውስጥ ከኬብሮን አካባቢ የተገኘ አለ። የብረት ነው። አናቱ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች በመስቀል ቅርጽ ተመትተውበታል። እንዲህ ያለው ማጠናከሪያ መታየት የጀመረው ንጉሠ ነገሥት ትራያን ዳኪያን (የዛሬዋን ሮማኒያ አካባቢ) በወጋበት ዘመን አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ101 እስከ 106 ባለው ጊዜ ነው ይባላል። ዳኪያውያን በሁለት እጅ የሚያዝ ማጭድ የመሰለ ጎባጣ ስለት ነበራቸው። ከላይ ሲወርድ ራስ ቁር ይሰነጥቃል፣ ቀኝ እጅን ይቆርጣል።

ሰላም_ኒውካስል

ልጨምርበት! ሮማኒያ ውስጥ አዳምክሊሲ ላይ ለዚያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ109 የቆመ ሐውልት አለ። ወታደሮቹ የቀለበት ወይም የቅርፊት ጥሩር ለብሰው፣ ቀኝ እጃቸው በተደራራቢ ብረት ተሸፍኖ፣ ቅልጥማቸውም ተሸፍኖ ነው የተቀረጹት። ሮም ከተማ ያለው የትራያን ዓምድ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ113 የተሰራው፣ ሌጌዎኖቹን በሙሉ ማለት ይቻላል ላሜራ አልብሶ፣ ረዳት ጦሩን ደግሞ ቀለበት አልብሶ ያሳያል። ያው አንድ ጦርነት ነው። የሮሙ ቀራጭ ለተመልካች እንዲለይ ብሎ ነው ያለበሳቸው። ጦር ሜዳው አጠገብ ያለው ሐውልት ለእኔ የበለጠ ይታመናል። የፊልም ሰሪዎች ያዩት ግን ዓምዱን ነው። የዛሬው ምስላችን ከዚያ የመጣ ነው።

ቀስተኛው

ግን በላሜራው ሊዘምቱ መቻላቸው ጥርጥር የለውም። ጀርመን ካልክሪዘ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የተገኘውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ9 የሮማው ጄኔራል ቫሩስ ሦስት ሌጌዎን ይዞ ከጠፋበት ጦርነት የቀረ ነው። እስካሁን ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊውና የተሟላው። ከአፈር ጋር አንድ ላይ ተቆርጦ ወጥቶ ፉርት ከተማ ባለ ትልቅ ሲቲ ስካን ታየ። በዝናብና በረግረግ ቀናት ሙሉ ሲዋጋ የነበረ ሰው ልብስ ነው።

ወናፍ

አፈር ውስጥ መትረፍና ሰው ላይ መበርከት ግን ለየቅል ናቸው። አፈሩ አየር ከከለከለው ደካማውም ይተርፋል።

እኔን የሚያሳምነኝ ራሱ ጦሩ ያደረገው ነገር ነው። ስኮትላንድ ኒውስቴድ ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቆፈረው የላሜራ ጥሩር ከኮርብሪጁ ይለያል። እነዚያ ሁሉ ስስ ማጠፊያዎች ቀርተዋል። ትከሻው በቀጥታ በሪቬት ተይዟል። ወገቡ ላይ በጠፍር ከሚታሰሩት መንጠቆዎች ይልቅ ጠንካራ ቀለበትና መወርወሪያ መጥቷል። ላሜራዎቹም ሰፋ ሰፋ ብለው ቁጥራቸው ቀንሷል። ይህን ያሻሻለው ባለሙያ ከየትኛው ክፍል ብዙ ስብራት እንደሚመጣለት የሚያውቅ ሰው ነው። ያወጣው በሙሉ የሚሰበረውን ነው።

ባለሙያ ደግሞ ነበራቸው። ሰሜን እንግሊዝ ባለው የሮማ ምሽግ ቪንዶላንዳ ላይ በተገኘ የእንጨት ጽሑፍ በአንድ ቀን ወርክሾፕ የተመደቡ 343 ሰዎች ተቆጥረዋል። ከነሱ 12ቱ ጫማ ሰሪ፣ 18ቱ ባኞ ቤት የሚገነቡ ናቸው። እንዲህ ያለ ወርክሾፕ ቅርብ እስካለ ድረስ ላሜራው ይሰራል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ግን ጦሩ እየተከፋፈለ ከድንበር ድንበር ሲሮጥ፣ ከወርክሾፑ የራቀ ሰው የቱን ይመርጣል? በፒንሳ የሚጠገነውን።

ጥያቄ አለኝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ በትምህርት ቤታችን ለሚሰራ ቴአትር አንድ ልሰራ አስቤ ነበር። ከየትኛው ልጀምር?

ወናፍ

ልጄ፣ ለቴአትር ከሆነ ላሜራውን ስራ። ስስ ላሜራ ገዝተህ በመቀስ ቁረጥ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልስ፣ አለዚያ ልጆቹን ይቆርጣቸዋል። የውስጡ ጠፍር እውነተኛ ቆዳ ይሁን፣ ፕላስቲክ ይበጠሳል። ሪቬቱን ስትመታ ጠበቅ አታድርገው፣ ላሜራዎቹ መንሸራተት አለባቸው። ከትከሻው ጀምር፣ እሱ ከተስተካከለ ሌላው ይከተላል። ሲያልቅ ስስ ዘይት ቀባውና በደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ቀለበቱን ለመሞከር ስትፈልግ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የሽቦውን ውፍረት እነግርሃለሁ።